ቤዚክ ሳይንስን ከዓመታት በኋላ ለምትከልሱ፦ የተሳሳትኩትና የሠራልኝ

ስቴፕ ዋንን (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ የመጀመሪያ ፈተና) መጀመሪያ ስወድቅ ያነበብኩት አንሶ አልነበረም። እንዲያውም አብዝቼ ነበር ያነበብኩት፤ የተበላሸው መንገዱ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሳክም ከቆየሁ በኋላ ስለተመለስኩበት፣ ፒሲ ዋንና ፒሲ ቱ (ወደ ክሊኒካል ከመግባት በፊት ያሉት የትምህርት ዓመታት) ላይ የተማርኩት ባዮኬሚስትሪና ኢሚውኖሎጂ ስሙ እንጂ ነገሩ አልቀረልኝም ነበር። ይህን የምጽፈው ዛሬ በጥቁር አንበሳ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ሃንድአውት ታቅፈው ለሚያመሹ ነው። ለስቴፕ ዋን ተዘጋጁ ወይም ወደ ክሊኒካል ለመግባት የኳሊፊኬሽን ፈተና ጠብቁ፣ የሚያደናቅፋችሁ ድንጋይ አንድ ነው። ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፣ ስለ ድንጋዩ ነው የማወራው።

የመጀመሪያው ስህተት መሰብሰብ ነው። ቴሌግራም ላይ በሁለት ቀን ስልክ የሚሞላ ፒዲኤፍ ይገኛል፤ አምስት ዓይነት አናቶሚ፣ አራት ዓይነት ባዮኬሚስትሪ፣ የሦስት ባች የሌክቸር ኖት። መጽሐፍ በተቀየረ ቁጥር ምዕራፍ አንድ እንደ አዲስ ይነበባል። ስለ ሴል አምስት ጊዜ ያነበበ ሰው ዩሪያ ሳይክልን አንዴም ሳያይ ፈተና የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ አጭር የክለሳ መጽሐፍ፣ አንድ የጥያቄ ባንክና አንድ የአናቶሚ አትላስ ያዙ። የቀረውን አጥፉት፤ ማጥፋቱ ከጨነቃችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ለሰው አደራ ስጡ።

ሁለተኛው በሃይላይተር እየቀቡ ማንበብ ነው። የተቀባ ገጽ ሁለተኛ ሲያዩት ሁሉም የሚታወቅ ይመስላል። ነገር ግን ያዩትን መለየት ሌላ ነው፣ ካላዩት ቦታ ማውጣት ሌላ። ፈተናው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ልዩነቱን በአምስት ደቂቃ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ትናንት ያነበባችሁትን ገጽ ሳትገልጡ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ። እኔ ስሞክረው ወረቀቱ ላይ የቀረው ርዕሱና ሁለት ቀስት ብቻ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ሁለት ልማዶች ስይዝ ነው። አንደኛው፣ ያነበቡትን ሁሉ ሐኪም ላልሆነ ሰው በአማርኛ እንደሚያስረዱ አድርጎ ጮክ ብሎ መናገር ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እንሸመድደዋለን፣ ሽምደዳውም አለመረዳታችንን ይሸፍንልናል። «ኦፕሶናይዜሽን» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። «ባክቴሪያው ላይ መያዣ እጀታ ይለጠፍበታል፣ በላተኛው ሴል በእጀታው ያዝ አድርጎ ይውጠዋል» ለማለት ግን ነገሩን መረዳት ግድ ነው። አማርኛው እምቢ ካለ ተመልሳችሁ አንብቡ።

ሁለተኛው «ይሄ ቢበላሽስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄ አውጪው ስለ ጤነኛ ኢንዛይም አይጠይቅም። የጎደለውን ኢንዛይም፣ የተቆረጠውን ነርቭ፣ የጠፋውን ሴል በበሽተኛ መልክ ያመጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እዚህ የሚያልፈው ምንድን ነው፣ መንገዱ ቢዘጋ ከኋላ ምን ይከማቻል፣ ከፊት ምን ይጎድላል፣ በሽተኛው ላይስ በምን ይታያል ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

አናቶሚን በመጀመሪያው ዙር በአንድ ወር ጠርጌ ጨረስኩት፣ በሁለት ወሩ በኖ ጠፋ። አናቶሚ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጸናው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል፣ ከሥራ በፊት፣ አንድ ሥዕል ብቻ። ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቭ መረብ፣ ልውሰድ፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው እሱን ስለሆነ።

ኤ4 ወረቀት አግድም አድርጉ። በስተግራ ከላይ ወደ ታች ለአምስቱ የነርቭ ሥሮች አምስት መስመር ሳቡና ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7፣ ሲ8፣ ቲ1 በሉ። የላይኞቹን ሁለት አገናኙ፣ የላይኛው ግንድ ነው። ሲ7 ብቻውን መካከለኛ ግንድ ይሆናል። የታችኞቹ ሁለት ሲገናኙ የታችኛው ግንድ ይሆናሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ግንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሰንጥቁት፣ ስድስት ቅርንጫፍ ይወጣል። ሦስቱም የኋላ ቅርንጫፎች ተገናኝተው ፖስቴሪየር ኮርድ ይሆናሉ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ሰው ሁለቱን ብቻ ያገናኝና ራዲያል ነርቭ ለምን ከአምስቱም ሥር እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። የላይኛውና የመካከለኛው ግንድ የፊት ቅርንጫፎች ላተራል ኮርድን ይሠራሉ፣ የታችኛው የፊት ቅርንጫፍ ብቻውን ሚዲያል ኮርድ ይባላል። ከፖስቴሪየር አክሲላሪና ራዲያል፣ ከላተራል መስኩሎኩቴኒየስ፣ ከሚዲያል አልናር ይወጣሉ። ሚዲያን ነርቭ ግን ከላተራልም ከሚዲያልም አንዳንድ እግር ወስዶ መሃል ላይ ይገጥማል። በመጀመሪያው ቀን አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከአንድ ደቂቃ በታች እስኪወርድ በየጠዋቱ ደጋግሙት።

ሥዕሉ ብቻውን ግን ነጥብ አያስገኝም፤ መቀስ ያስፈልገዋል። የላይኛውን ግንድ ቁረጡ። ትከሻው ሲወለድ ተይዞ የተጎተተ ሕፃን ነው። ዴልቶይድና ሱፕራስፓይኔተስ ስለጠፉ ክንዱ ከጎኑ ተጣብቆ ይቀራል፣ ኢንፍራስፓይኔተስ ስለጠፋ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ባይሴፕስ ስለጠፋ ክርኑ ተዘርግቶ መዳፉ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ይህን አቀማመጥ መሸምደድ አያስፈልግም፣ ጡንቻዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። የታችኛውን ቁረጡ፣ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ይቆለመማሉ። ከቲ1 ጋር ሲምፓቴቲክ ነርቭ ስለሚሄድም በዚያው ወገን የዓይን ቆብ ሊወርድና ብሌኑ ሊጠብ ይችላል። ቀጥሎ የክንድ አጥንትን በአራት ቦታ ስበሩ። ትከሻው ሥር አንገቱ ላይ ከሆነ አክሲላሪ፣ መሃሉ ላይ ከሆነ ራዲያል፣ ከክርን በላይ ከሆነ ሚዲያን፣ በክርኑ የውስጥ ጉብታ ላይ ከሆነ አልናር ነርቭ ይነካል። መሃሉ ሲሰበር የእጅ አንጓው ተንጠልጥሎ ሳለ ክርኑን መዘርጋት ለምን እንደማይጠፋ ጠይቁ። ወደ ትራይሴፕስ የሚሄዱት ቅርንጫፎች አብዛኞቹ ከስብራቱ በላይ ስለወጡ ነው።

ዳግም ሬሳ ክፍል መግባት ለማንችል ወጥ ቤቱ አለ። የዶሮን 12 ብልት ስታወጣ ያደገች እህት አጥንት አትቆርጥም፤ ቢላዋዋ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ሽፋኑን ሰንጥቆ ያልፋል። አጠገቧ ቆማችሁ ካርቲላጁን፣ ጅማቱንና ከጡንቻ ወደ አጥንት የሚያልፈውን ነጭ ገመድ በእጃችሁ ዳስሱ። ለበዓል በግ ሲታረድ ልቡን ለምኑ። ሳትከፍቱት በፊት ጨብጡት፤ ወፍራሙና ጠንካራው ግድግዳ ግራ ነው። በትልቁ የደም ሥር ጣት አስገብታችሁ አኦርታና ፐልሞናሪን ለዩ። ስትከፍቱት በግራ በኩል ሁለት፣ በቀኝ ሦስት የቫልቭ ቅጠል ታገኛላችሁ፣ ቅጠሎቹን እንደ ድንኳን ገመድ የሚይዙ ቀጫጭን ክሮችም አሉ። አንዱን ክር በመቀስ ቁረጡና ቅጠሉ ወደ ላይ ሲገለበጥ ተመልከቱ። ከሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር ድንገት ከመዘጋቱ) በኋላ ባንዴ ሳንባው ውኃ የሞላ በሽተኛ ያ ክር ወይም የታሰረበት ጡንቻ ተበጥሶበት ይሆናል። ቅጠሎቹን ከሚይዙት ሁለት ጡንቻዎች የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ የኋላና የውስጡ ጡንቻ የሚሆነው በአንድ የደም ሥር ብቻ ስለሚመገብ ነው።

ሥጋ ቤት ጭቅና ስታዝዙም ፕሶአስን አስታውሱ። ከወገብ አጥንት ጎን ተነስቶ ወደ ጭን አጥንት ይወርዳል። የጀርባ አጥንት ቲቢ የያዘው ሰው መግሉ በዚህ ጡንቻ ሽፋን ውስጥ ተንሸራትቶ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ሆኖ የሚወጣው በዚያ መንገድ ነው። እብጠቱን ከብሽሽት ሄርንያ መለየት የተለመደ ጥያቄ ነው፣ በእኛ አገር ደግሞ የተለመደ በሽተኛ ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የዳሌ አጥንቷን እዩ፣ አጭርና ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። በዚያ ምክንያት ግሉቲየስ ሚዲየስ ጎን ላይ ተቀምጦ በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችንን ያስተካክላል። መቀሱን አምጡና ሱፐሪየር ግሉቲያል ነርቭን ቁረጡ፤ ሰውየው በታመመው እግር ሲቆም ዳሌው ወደ ጤነኛው ወገን ይወድቃል። መርፌ መቀመጫ ላይ በላይኛው የውጭ ሩብ የሚወጋው ደግሞ ሳያቲክ ነርቭን ለመሸሽ ነው። እሱ ሲነካ እግር ከአንጓው ይንጠለጠላል።

ወደ ባዮኬሚስትሪ ልለፍ። እዚህ የሠራሁት ስህተት ከግሉኮስ እስከ ፓይሩቬት ያለውን እያንዳንዱን ሞለኪውል እንደ ዳዊት መድገም ነበር። የየመንገዱን በር ጠባቂ ኢንዛይም፣ ረዳት ቪታሚኑንና መንገዱ የሚሠራበትን ሰዓት ብቻ ያዙ። ሰዓቱን ለማስታወስ ከሕማማት የተሻለ አላገኘሁም።

ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን በልቶ እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚያከፍል ሰው አስቡ። ከበላ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ኢንሱሊን ከፍ ይላል፣ ጉበት ግሉኮሱን ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል። ከአራት ሰዓት በኋላ ገደማ ግሉካጎን ተራውን ይወስዳል፣ ግላይኮጅኑ መፈታት ይጀምራል። ጉበት የሚይዘው 100 ግራም አካባቢ ስለሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ይሟጠጣል። ጡንቻ ከዚህ በላይ ቢያከማችም ግሉኮስ-6-ፎስፋታዝ ስለሌለው ለራሱ እንጂ ለጎረቤት አያበድርም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሸክሙ ግሉኮኒዮጀነሲስ ላይ ያርፋል፤ ከላክቴት፣ ከግሊሰሮልና ከአላኒን አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። በር ጠባቂዎቹ አራት ናቸው፦ ባዮቲን የሚፈልገው ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዝ፣ ፔፕ ካርቦክሲካይኔዝ፣ ፍሩክቶስ-1፣6-ቢስፎስፋታዝና ግሉኮስ-6-ፎስፋታዝ። ቅዳሜ ኪቶን ይበዛል፣ አንጎልም ቀስ በቀስ ወደ እሱ ያዘነብላል። ቀይ የደም ሴል ግን ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ዶሮ እስኪጮኽ ግሉኮስ ብቻ እንዳለ ነው። ኪቶኑን የሚሠራው ጉበት ራሱ ኪቶን መጠቀም አይችልም፣ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የለውምና። እንደ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሠርቶ ሳይቀምስ ይልካል።

አሁን እያንዳንዱን በር ዝጉ። ግሉኮስ-6-ፎስፋታዝ የሌለው ሕፃን ጡት ጠብቶ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ስኳሩ ይወርዳል። የተከማቸው ግላይኮጅን መውጫ ስለሌለው ጉበቱ ያብጣል፣ ላክቴትና ዩሪክ አሲዱም ይጨምራል። ስብ የሚያቃጥለው መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ልጁ ሲታመምና ሳይበላ ሲያድር ስኳሩ ይወርዳል፣ መብዛት የነበረበት ኪቶን ግን የለም። «ስኳር ዝቅ፣ ኪቶን የለም» የሚል ጥያቄ ስታዩ ካርኒቲንን (ስቡን ወደሚቃጠልበት የሚያስገባውን) ወይም የስብ ኦክሲዴሽንን ጠርጥሩ። ሦስተኛው ምሳሌ አረቄ ነው። ሳይበላ የጠጣ ሰው አልኮሉን ሲያቃጥል ኤንኤዲኤች ያጠራቅማል። የተጠራቀመው ኤንኤዲኤች ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት፣ ኦክሳሎአሲቴትን ወደ ማሌት ይገፋል፣ ግሉኮስ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ያልቃል። ግላይኮጅኑ ሳያልቅ ችግሩ አይታይም፣ ስለዚህ የሚወድቀው በባዶ ሆዱ የከረመው ነው። ለዚህ ሰው ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ ታያሚን የሚሰጠው ፓይሩቬት ዲሃይድሮጅኔዝ ያለ ቢ1 ስለማይሠራ ነው። ቢ2፣ ቢ3፣ ቢ5 እና ሊፖይክ አሲድም የዚሁ ኢንዛይም ረዳቶች ናቸው።

ስለ ቢ12 አንድ ስህተት ላርም። ሁዳዴ 55 ቀን ከእንስሳ ተዋጽኦ መታቀብ ብቻውን ቢ12ን አያሟጥጥም፣ ጉበት የያዘው ለዓመታት ይበቃል። ጎድሎ ከተገኘ የመምጠጥ ችግር ወይም የረዥም ዓመት አመጋገብ ፈልጉ። ሚቲልማሎኒክ አሲድ ከፍ ካለ ቢ12 ነው፣ ሆሞሲስቲን ብቻ ከፍ ካለ ፎሌትን አስቡ። ጓያን የሚያህል አገር በቀል ምሳሌም አታገኙም። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ነርቭ አነቃቂውን ግሉታሜትን ይመስላል፣ ነርቩን ከልክ በላይ ያነቃዋል፣ በረሃብ ዘመን ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሮቹ ይገታሉ። የሴል ሽፋን ስታነቡ ደግሞ እንዶድን አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ እንዶዱ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአንድ ጫፉ ውኃ፣ በሌላው ስብ ስለሚወድና ሽፋን ስለሚበሳ ነው። ሳሙናነቱም ቀንድ አውጣ ገዳይነቱም ከአንድ ባሕርይ የመጡ ናቸው።

ጄኔቲክስ አጭር ነው፣ ግን ሰው በስንፍና ነጥብ የሚጥልበት ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚያጋባ ሕዝብ ደግሞ ሊከብድ አይገባውም። አያቶቻችን ያደረጉት ማካፈል ነው። የአክስትና የአጎት ልጆች ከጂናቸው 1/8 ይጋራሉ፣ ቢጋቡ ልጃቸው በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ ቅድመ አያት የመጣ ሁለት ቅጂ የመያዝ ዕድሉ 1/16 ነው። አንድ ቤት ወደ ታች ሲኬድ፣ ማለትም የእነሱ ልጆች ቢጋቡ፣ ወደ 1/64 ይወርዳል። ሰባት ላይ ሲደረስ ከሌላው ሰው የሚለይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሪሴሲቭ በሽታ (ሁለት የተበላሸ ቅጂ ሲገናኝ ብቻ የሚታይ) ባለበት ጥያቄ «ወላጆቹ ዘመዳሞች ናቸው» የሚለው ቃል ለምን እንደሚገባ ከዚህ ይገባችኋል።

የቤተሰባችሁን ሦስት ትውልድ በካሬና በክብ ሣሉ፣ ከዚያ የማትሳሳቱባቸውን ሕጎች ሞክሩበት። አባት ለወንድ ልጁ ያስተላለፈው በሽታ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ አይደለም። እናት ለልጆቿ ሁሉ ሰጥታ አባት ለማንም ካልሰጠ ማይቶኮንድሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስሌት ደግሞ ይህ ነው። ወንድሟ ሪሴሲቭ በሽታ የነበረበት ጤነኛ ሴት ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ 1/2 አይደለም፣ 2/3 ነው። አራተኛው ሳጥን፣ የታመመው፣ እሷ አለመሆኗ ታውቋልና ከሦስት ነው የምንቆጥረው። በሽታው ከ10,000 ሰው አንዱን የሚይዝ ከሆነ የጂኑ ድግግሞሽ 1/100፣ ተሸካሚው 1/50 ገደማ ነው። ባሏ ከሕዝቡ የመጣ ማንም ሰው ቢሆን ልጃቸው የመታመም ዕድሉ 2/3 ሲባዛ በ1/50 ሲባዛ በ1/4፣ ማለትም 1/300 ነው። ይህን አሥር ጊዜ ሥሩት።

ከበሽተኞቻችን ጋር የሚገናኙ ሁለት ነገሮች ልጨምር። ቫይቫክስ ወባን ከጉበት ለማጽዳት ፕሪማኩዊን ስንሰጥ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የጎደለው ሰው ቀይ የደም ሴሉ ይፈነዳል፣ ኦክሲዴሽንን የሚመክተው ኤንኤዲፒኤች ስለሌለው። ደሙ በሚፈርስበት ሰሞን ምርመራው ጤነኛ ሊል ይችላል፣ የተረፉት ወጣት ሴሎች ኢንዛይሙ አላቸውና። ሌላው ሲዋይፒ2ዲ6፣ መድኃኒት የሚለውጥ የጉበት ኢንዛይም ጂን፣ ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች ኮዲንን ቶሎ ወደ ሞርፊን ይለውጣሉ፣ የተለመደው መጠን ሊያንቀላፋቸውና ትንፋሻቸውን ሊያዘገይ ይችላል።

ኢሚውኖሎጂ ላይ የኢንተርሊውኪን (ሴሎች የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች) ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምንም አልጠቀመኝም። ማን ላከው፣ ለማን ላከው፣ ምን አድርግ አለው ብላችሁ እንደ መልእክተኛ ካላያችሁት ቁጥሩ አይያዝም። እኔ ሁሉንም በአንድ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ሚስማር ወጋው። በደቂቃዎች ውስጥ ማስት ሴል ሂስታሚን ይለቃል፣ ኮምፕሊመንት የተባሉት የደም ፕሮቲኖች ይነሳሉ፤ ሲ3ቢ እጀታውን ይለጥፋል፣ ሲ5ኤ ደግሞ ይጣራል። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል ይደርሳል፤ መጀመሪያ በሰለክቲን እየተንከባለለ፣ ከዚያ በኢንተግሪን ተጣብቆ፣ በመጨረሻ በሴሎቹ መካከል ሾልኮ። ኢንተግሪኑን አጥፉት። የዚህ ሕፃን እትብቱ ከወር በላይ ሳይወድቅ ይቆያል፣ ቁስሉ መግል አይቋጥርም፣ ደሙ ውስጥ ግን ኒውትሮፊል ሞልቷል። መግል የሌለው ኢንፌክሽን ስታዩ ይህን አስቡ። ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ማክሮፋጅ ይበዛል። በዚህ መሃል ዴንድሪቲክ ሴል የባክቴሪያውን ቁራጭ ይዞ ወደ ብሽሽት ሄዷል፣ ንፍፊት የምንለው እሱ የቀሰቀሰው ግርግር ነው። እዚያ ኤምኤችሲ 2 ቁራጩን ለሲዲ4 ቲ ሴል፣ ኤምኤችሲ 1 ለሲዲ8 ቲ ሴል ያሳያል፤ ብዜቱ ሁልጊዜ ስምንት ነው። በሳምንት ውስጥ አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካል፣ ከዚያ ቲ ሴሉ በሲዲ40 ሊጋንድ ሲነካው አይጂጂ ይመጣል። ያ ሊጋንድ ከሌለ አይጂኤም ብቻ ይቆለላል። የቴታነስ ነገርም እዚሁ ይገባል። ተዘጋጅቶ የሚሰጠው ፀረ እንግዳ አካል ዛሬውኑ ይሠራል፣ ግን ያልቃል። ክትባቱ ይዘገያል፣ ግን ያስታውሳል። ሁለቱ አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ በተለያየ ቦታ የሚወጉት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ ክትባቱን እንዳያከሽፈው ነው።

ቲቢን በዚሁ መንገድ ተከታተሉት። ማክሮፋጅ ባክቴሪያውን ውጦ መግደል ሲያቅተው ኢንተርሊውኪን 12 ይልካል፣ ቲኤች1 ሴል ኢንተርፌሮን ጋማ ይመልስለታል፣ ማክሮፋጁ ይበረታል፣ ቲኤንኤፍ ግራኑሎማውን አጥሮ ያቆየዋል። አሁን ቆርጣችሁ እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልእክቶች ከተቋረጡ ሲወለድ የተሰጠው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ራሱ በሰውነቱ ይሠራጫል። ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ለሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ከተሰጠ የተኛው ቲቢ ይነሳል። ሲዲ4 ካለቀ አጥሩ አይሠራም፣ የቆዳ ምርመራውም አያብጥም። ያ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት የሚነበበው ቲ ሴል እስኪሰበሰብ ስለሚወስድ ነው፣ የሚለካውም ቅላቱ ሳይሆን ጠንካራው እብጠት ነው። ኩፍኝ የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር የሚሰጠውም የእናትየው አይጂጂ ቀድሞ የክትባቱን ቫይረስ እንዳያጠፋው ነው። የክትባት ካርድ ግድግዳ ላይ ካያችሁ ቆማችሁ እያንዳንዱ ቀን ለምን እንደተመረጠ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሳይከፈልበት የሚገኝ የጥያቄ ባንክ ነው።

ጥያቄ መሥራትን «መጀመሪያ አንብቤ ልጨርስ» ብዬ ያቆየሁት ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ፣ በ40 ጥያቄ፣ በሰዓት ተገድባችሁ። ውጤቱ ያሳፍራል፤ ይሁን። መልሱን መመርመር ከመሥራቱ ሁለት እጥፍ ጊዜ መውሰድ አለበት። የስህተት ደብተር ያዙ፣ ግን ትክክለኛውን መልስ ብቻ አትገልብጡ። ለምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ። «አላውቀውም» ከሆነ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። «አውቀዋለሁ፣ አልመጣልኝም» ከሆነ ሥዕሉን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ደግሙት። «ጥያቄውን አላነበብኩም» ከሆነ ደግሞ ንባብ አያድናችሁም፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የማንበብ ልማድ ነው የሚያድናችሁ። የእኔ ደብተር ግማሹ ሁለተኛው ዓይነት ነበር፣ እኔ ግን ለወራት መድኃኒቱን ከመጽሐፍ ስፈልግ ነበር።

የቡድን ጥናት ከሦስት ሰው አይብለጥ። አራተኛው ሲመጣ ወሬ ይመጣል። አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዛችሁ አንዱ በናፕኪን ላይ ይሣል፣ ሁለቱ «ይሄ ቢቆረጥስ?» እያሉ ያስጨንቁት፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ጸጥታ ስትፈልጉ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው። ተረኛ ካደራችሁ በማግስቱ ምንም አታቅዱ፣ ያልተፈጸመ ዕቅድ ከድካሙ በላይ ያዝላል። መብራት ስለሚጠፋ የሳምንቱን ጥያቄ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ የጨለማውን ሰዓት ደግሞ ጮክ ብላችሁ ለምትናገሩት የአማርኛ ማብራሪያ አድርጉት።

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ነገር አትክፈቱ። የስህተት ደብተሩንና የሣላችኋቸውን ወረቀቶች ብቻ፣ በቀን አራት አምስት ሰዓት። ፈተናው ላይ ማርከርና የሚጠፋ ሰሌዳ ይሰጣችኋል። ሰዓቱ ከጀመረ በኋላ የክንድ ነርቭ ጥያቄ ሲመጣ በሐሳብ አትታገሉ፣ አምስቱን መስመር ሳቡ።